መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነው
የባልና ሚስት የዓመት ሒሳብ

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ቤት ሒሳብ ነው። ቁጥር መጻፍና መደመር የተማረ ሰው ትምህርቱን መጀመሪያ ሊያውለው የሚገባው በገዛ ቤቱ ላይ ነው። ጎተራው ውስጥ ስንት አለ? ስንቱ ይበላል? ስንቱ ይዘራል? ስንቱ ይሸጣል? እነዚህን አራት ጥያቄዎች ባልና ሚስት አብረው ቁጭ ብለው ካልመለሱ፣ ሐምሌ ራሱ መጥቶ ይመልስላቸዋል። የሐምሌ መልስ ደግሞ መራራ ነው።

«ሒሳብማ የነጋዴ ነው፤ የገበሬ ሒሳቡ ዝናብ ነው» የሚሉ አባቶች አሉ። እውነት አላቸው። ሰማዩ እምቢ ካለ ደብተር እህል አያበቅልም። ነገር ግን ዝናቡ በወቅቱ ዘንቦ፣ አዝመራው አምሮ፣ አውድማው ሞልቶ፣ በዚያው ዓመት ክረምት ላይ የሚቸገር ቤት የለም ወይ? ኧረ በየመንደሩ አለ። እንዲህ ያለውን ቤት የጎዳው ሌላ ነገር ነውና እሱን እንመርምር።

አንድ ቤት እንዴት ተቸገረ?

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን፣ በምንጃር አካባቢ በማታ ትምህርት ላይ ራሳቸው ባለቤቶቹ የነገሩንን እንንገራችሁ። ስማቸውን አንጠራም፤ ምክንያቱም ታሪኩ የብዙ ቤት ታሪክ ነው።

በቤቱ ውስጥ ስድስት ሰዎች አሉ። ባል፣ ሚስት፣ ሦስት ልጆችና የሚስትየዋ እናት። የሚያርሱት መሬት 6 ጥማድ ነው። በዚያ ዓመት 9 ኩንታል ጤፍ፣ 10 ኩንታል ስንዴ፣ 4 ኩንታል ሽምብራ አስገቡ። በጠቅላላው 23 ኩንታል ማለት ነው። መጥፎ አዝመራ አልነበረም።

ጥር ላይ ባልየው የማዳበሪያ ዕዳ ለመክፈልና ልብስ ለመግዛት 8 ኩንታል ሸጠ። በመጋቢት ወንድሙ ተቸግሮ መጣና 2 ኩንታል አበደረው። ሚያዝያ ላይ የአባቱን ተዝካር አወጣ፤ ለድግሱ 3 ኩንታል ገባ። ሚስትየዋ ደግሞ ለጨው፣ ለቡና፣ ለሳሙናና ለልጆች ደብተር እያለች 8 ኪሎ የሚይዝ እንቅቧን እየሞላች በየሳምንቱ ገበያ ትወጣ ነበር። ለባሏ አትነግረውም። ለምን ቢሉ፣ «የጨው ስጠኝ ብሎ በየሳምንቱ እጅ መዘርጋት ያሳፍራል» ነው መልሷ። በ25 ገበያ 200 ኪሎ፣ ማለትም 2 ኩንታል ወጣ። እሱም የወንድሙን ብድር አልነገራትም ነበር።

እንደምራቸው። 8 እና 2 እና 3 እና 2 ሲደመር 15 ኩንታል ነው። ከ23ቱ 15ቱ ወጣ፤ 8 ኩንታል ቀረ። ከጥር እስከ ሰኔ በነበሩት ስድስት ወሮች ለእንጀራ፣ ለሽሮ፣ ለበዓልና ለደቦ 6 ኩንታል ተኩል አለቀ።

በሰኔ መጨረሻ ባልየው ለዘር ሊያወጣ ወደ ጎተራው ወጣ። እጁን ሰደደ፤ ታቹን ነካ። የቀረው 1 ኩንታል ተኩል ያህል ብቻ ነው። ወረደና «ሌባ ገብቷል!» ብሎ ጮኸ። ሚስትየዋ ዝም ብላ ቆየችና «ሌላ ሌባ አትፈልግ። ሌባዎቹ እኔና አንተ ነን» አለችው። ያን ጊዜ እሱ የወንድሙን ነገር አወጣ፤ እሷም የእንቅቧን ነገር አወጣች።

የቀረውን እህል ይብሉት ወይስ ይዝሩት? ቢበሉት ለመጪው ዓመት የለም። ቢዘሩት ልጆቹ እስከ ታኅሣሥ ምን ይበላሉ? ዘሩት። ወተት ትሆናለች ብለው ያሳደጓት ጊደር ነሐሴ ላይ ተሸጠች። ያን ጊዜ እህል የቸገረው ሰው ሁሉ ከብቱን ወደ ገበያ ያወጣል፤ ስለዚህ ከብቱ ይረክሳል፣ እህሉ ይወደዳል። የጊደሯ ዋጋ አልበቃ ሲል ደግሞ 1 ኩንታል ስንዴ ተበድረው በአዝመራ 2 ኩንታል ሊመልሱ ተዋዋሉ።

ልብ በሉ። ባልየው ሰካራም አልነበረም። ሚስትየዋም አባካኝ አልነበረችም። ዕዳ መክፈል፣ ወንድምን መርዳት፣ ለጨውና ለደብተር ማሰብ፣ ሁሉም ደግ ሥራ ነው። ቤቱን ያራቆተው ሁለቱም ከአንድ ጎተራ እየቀዱ አንዱ የሌላውን አለማወቁ ነው። ስለዚህ የቤት ሒሳብ የመጀመሪያው ሕግ ይህ ነው፦ የጋራ ጎተራ የጋራ ቆጠራ ይፈልጋል።

ለምን ሁለቱም?

«ቆጠራውን ባል ብቻ ቢይዘው ምን አለበት?» የሚል ይኖራል። መልሱ ቀላል ነው። ባል የሚያውቀው ግማሹን ነው። ማሳውን፣ ዘሩን፣ ዕዳውን፣ የገበያውን ዋጋ ያውቃል። ሊጥ ለስንት ቀን እንደሚበቃ፣ ድስት ስንት እፍኝ ሽሮ እንደሚፈልግ፣ የትኛው ልጅ ልብሱ እንዳለቀ የምታውቀው ሚስት ናት። ግማሽና ግማሽ ሲገጣጠም ነው ሙሉ ሒሳብ የሚሆነው።

ሕጉም በዚሁ መንገድ ሄዷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ አድርጎ ሚስት እንድትታዘዘው ይደነግግ ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ግን በአንቀጽ 34 ባልና ሚስት ሲጋቡም፣ በትዳር ሲኖሩም፣ ሲፋቱም እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ደግሞ የጋራ ሀብት በጋራ እንዲተዳደር፣ ከ500 ብር በላይ ለመበደር ወይም ለሌላ ሰው ዕዳ ዋስ ለመሆን የሁለቱም ስምምነት እንዲያስፈልግ አደረገ። ክልሎችም የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል። በአማራ ክልል በሚሰጠው የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ አብሮ ይሰፍራል። እንግዲህ መሬቱ በሁለት ስም ከተጻፈ ምርቱ በአንድ ሰው አፍ ብቻ ለምን ይታዘዛል?

የቆጠራው ቀን

ቆጠራው የሚደረገው ውቂያ ባለቀ ማግሥት ነው። ከአውድማው አንድ ስልቻ እንኳ ወደ ገበያ ሳይወጣ ማለት ነው። «ትንሽ ልሽጥና እቆጥራለሁ» ማለት በሬው ከጠፋ በኋላ በረት እንደ መዝጋት ነው። ሽምብራው ዘግይቶ የሚደርስ ስለሆነ እሱ ሲገባ ሁለተኛ ቆጠራ ይደረጋል።

ባል ይሰፍራል፤ ሚስት ትቆጥራለች። ወይም በተቃራኒው። ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ካለ ደብተሩን እሱ ይያዝ። ቁና ከአገር አገር ይለያያልና የራሳችሁን ቁና አንድ ጊዜ በሚዛን አስመዝናችሁ ስንት ኪሎ እንደሚይዝ ጻፉ። ከዚያ በኋላ ሚዛን ፍለጋ መሄድ አያስፈልግም፤ ቁናውን ቆጥሮ ማብዛት ነው። ገና መጻፍ ያልለመዱ ለአንድ ኩንታል አንድ ባቄላ በእንስራ ውስጥ ይጣሉ። ሲያወጡ ባቄላውንም ያውጡ። ባቄላ አይዋሽም።

አራቱ ክምር

እህሉ ተቆጥሮ ካለቀ በኋላ በአራት ይከፈላል። ቅደም ተከተሉን አደራ አትለውጡ።

1ኛ. ዘር። ከሁሉ በፊት ዘር ይነሣል። አንድ ሄክታር ስንዴ በብተና ለመዝራት እስከ 1 ኩንታል ተኩል ዘር ይፈጃል፤ ጤፍ ግን ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ 30 ኪሎ ያህል ይበቃዋል። ከላይ ያልነው ቤት ለጤፍ 25 ኪሎ፣ ለስንዴ 90 ኪሎ፣ ለሽምብራ 35 ኪሎ ማስቀመጥ ነበረበት። ድምሩ 1 ኩንታል ተኩል ይሆናል። በዚህ ውስጥ የመጀመሪያው ዘር ቢበላሽ ዳግመኛ የሚዘራበት ትንሽ ትርፍ አለ። የዘሩ ዲብኝት ከቀለቡ ጎተራ የተለየ ይሁን፤ ሁለቱም ባሉበት ይታሸግ፤ ሁለቱም ባሉበት ይከፈት። ዘር የመጪው ዓመት ማሳ ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ዘሩን የበላና በሬውን የሸጠ ገበሬ ዝናቡ ተመልሶ ሲመጣ በባዶ እጁ ማሳው ዳር የቆመበትን ሁኔታ ታላላቆቻችን አይረሱትም።

2ኛ. ቀለብ። ለአንድ ሰው ስንት ይበቃዋል? በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ብሎ ነበር የሚያሰላው። ይህ በቀን ግማሽ ኪሎ ማለት ነው። እኛም ከዚሁ እንነሣ።

እዚህ ላይ የራሴን ስህተት ልናገር። ይህን ሒሳብ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስሠራ 15 ኪሎን በ6 ሰው አበዛሁ፤ 90 ኪሎ መጣ። 90ን በ12 ወር አበዛሁ፤ 1,080 መጣ። ጻፍኩና በኩራት ዞር አልኩ። አንዲት እናት ከኋላ ተነሥተው «ልጄ፣ የጳጉሜን እንጀራስ?» አሉኝ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ለካስ ዓመታችን 13 ወር ነው! ለስድስት ሰው በቀን 3 ኪሎ፣ ለአምስት ቀን 15 ኪሎ ጨመርኩ። 1,095 ኪሎ ሆነ፤ 10 ኩንታል ከ95 ኪሎ ማለት ነው። ጳጉሜን ስድስት ቀን በምትሆንበት ዓመት 3 ኪሎ ይጨመራል።

እናትየው ግን አልተቀመጡም። «የደቦውስ? የፋሲካውስ? ደጅ የቆመ እንግዳስ አሳልፈን ልንሰደው ነው?» አሉ። እኔ ሒሳብ አውቃለሁ እንጂ ጓዳ አላውቅም ነበር። ስለዚህ እሳቸው እየነገሩኝ ለበዓል፣ ለደቦና ለእንግዳ 1 ኩንታል ከ55 ኪሎ ጨመርን። ለሽሮ ደግሞ 1 ኩንታል ሽምብራ። የቀለቡ ድምር 13 ኩንታል ተኩል ሆነ። በየቤታችሁ ቁጥሩ ይለያያል፤ ሕፃን ያነሰ ይበላል፣ አራሽ የበለጠ ይበላል። የምትጠይቋት ግን ያችኑ ምጣዱን የምታውቀውን ነው።

3ኛ. ሽያጭ። 23 ኩንታል ነበር። ዘር 1 ኩንታል ተኩል፣ ቀለብ 13 ኩንታል ተኩል ሲነሣ የቀረው 8 ኩንታል ብቻ ነው። ለሽያጭም ለስጦታም ሊወጣ የሚችለው ይህ 8 ኩንታል ነበር። ባልየው በጥር ሽያጩ ይህንኑ ጨርሶታል። ከዚያ በኋላ የወጣው ሁሉ፣ የወንድሙም፣ የተዝካሩም፣ የእንቅቡም፣ ከልጆቹ አፍ የተነሣ ነው። ቢቆጥሩ ኖሮ ይህን በታኅሣሥ ያውቁት ነበር። ወንድሙንም «1 ኩንታል እንጂ 2 አልችልም» ይለው ነበር፤ ተዝካሩም በአቅሙ ይወጣ ነበር።

4ኛ. መጠባበቂያ። ከሽያጩ ክምር ውስጥ ቢያንስ 1 ኩንታል ሳይነካ እስከ መስከረም ይቆይ። ሕመም ቀጠሮ አይሰጥም።

መቼ ይሸጥ? የቱ ይሸጥ?

እህል ከአዝመራ በኋላ በታኅሣሥና በጥር ይረክሳል፤ ሁሉም ሰው አንድ ላይ ያወጣዋልና። ከሰኔ እስከ መስከረም ይወደዳል፤ ጎተራ ሁሉ ይጎድላልና። ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ምን ያህል እንደሚጎዳ ግን በቁጥር እንየው። ቁጥሩ ለማስላት እንዲመች የተወሰደ ነው፤ የገበያ ዋጋ አይደለም።

በጥር 1 ኩንታል ስንዴ 100 ብር ነው እንበል። 3 ኩንታል ከቀለባችሁ ሸጣችሁ፤ 300 ብር አገኛችሁ። በሐምሌ ዋጋው 140 ብር ሆነ። በዚያው 300 ብር ልትገዙ ብትሄዱ የምታገኙት 2 ኩንታል ከ14 ኪሎ ነው። 86 ኪሎ በመንገድ ቀረ። የስድስት ሰው የወር ቀለብ 90 ኪሎ አልነበረም? አንድ ወር ሊሞላ 4 ኪሎ የጎደለው ቀለብ በሽያጭና በግዥ መካከል ጠፋ ማለት ነው። ነጋዴውን አትርገሙት። የቀለብን እህል የሸጠ ሰው መልሶ የሚገዛው መሆኑን መጀመሪያውኑ ማወቅ ነበረበት።

ስለዚህ በጥር ለዕዳና ለግብር የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ሽጡ። የተረፈው ይቆይ። እዚህ ላይ የእህሉን ጠባይ ማወቅ ይጠቅማል። ሽምብራና ባቄላ ነቀዝ ይወዳቸዋል፤ ስንዴም አይምረውም። ጤፍን ግን ነቀዝ አይደፍረውም፤ በደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ይቆያል። እንግዲህ ቀድሞ የሚሸጠው የሚበላሸው ነው፤ የሚቆየው ጤፍ ወደ ክረምት ይጠጋ። ከላይ ያለው ቤት 2 ኩንታል ተኩል ሽምብራና 50 ኪሎ ስንዴ መጀመሪያ ሸጦ፣ 5 ኩንታሉን ጤፍ በየጊዜው ቢያወጣ ያተርፍ ነበር። ጎተራው ከመሬት ከፍ ይበል፤ እህሉ በደንብ ሳይደርቅ አይግባ። አየር የማያስገባ የእህል ከረጢት የሚገኝበት ቦታ ካላችሁ ለሽምብራው ግዙለት፤ ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል።

የብሩ ሒሳብ

8ቱን ኩንታል እንደ ስምንት ጣት ቁጠሯቸውና ከመሸጣችሁ በፊት ለእያንዳንዱ ሥራ ስጡት። የጤፍና የስንዴ ዋጋ አንድ ስላልሆነ ትክክለኛውን ብር የምትጽፉት ስትሸጡ ነው። ለምሳሌ፦

ለዱሮ ዕዳ — 2 ኩንታል
ለመጪው ክረምት ማዳበሪያ በእጅ ለመግዛት — 2 ኩንታል
ለጨው፣ ለቡና፣ ለዘይት፣ ለሳሙና፣ ለወፍጮ — 1 ኩንታል ተኩል
ለልብስና ለልጆች ትምህርት — 1 ኩንታል
ለግብርና ለዕድር — ግማሽ ኩንታል
መጠባበቂያ — 1 ኩንታል
ድምር — 8 ኩንታል

«ለማዳበሪያ ሁለት ጊዜ ለምን?» ትሉ ይሆናል። ዕዳውን ከፍሎ እንደገና በዕዳ የሚወስድ ሰው በየጥሩ በርካሽ ሲሸጥ ይኖራል። አንድ ዓመት ተጠብቦ በእጁ የገዛ ግን በሚቀጥለው ጥር ለዕዳ የሚያወጣው እህል አይኖርበትም። ከባድ ዓመት ነው፤ ግን አንድ ዓመት ነው።

የሚስት የእንቁላልና የቅቤ ገንዘብም በደብተር ይግባ። «የጓዳ ገንዘብ ነው» ተብሎ የሚናቀው ሒሳብ ተጽፎ ሲደመር ብዙ ባሎች ይደነግጣሉ፤ የጨውና የሳሙናውን ወጪ የሚሸከመው እሱ ሆኖ ይገኛልና። ዕቁብም ጥሩ ነው፤ ግን ዕጣው ሲወጣ ምን እንደሚገዛበት ዕቁቡን ስትገቡ ተስማሙ። ገንዘቡ እጅ ከገባ በኋላ መከራከር ጠብ ያመጣል።

አንድ ነገር ግን አንርሳ። ሁሉም ሳንቲም ይቆጠር ማለት ሰው በቤቱ እስረኛ ይሁን ማለት አይደለም። ሁለቱም በየገበያው የማይጠየቁበት ትንሽ ገንዘብ ይኑራቸው። እሱ ከጓደኞቹ ጋር ጠላ ይጠጣበት፤ እሷ ሻሽ ትግዛበት። መጠኑ እኩልና የታወቀ ይሁን። ትንሽ ነፃነት በግልጽ የተሰጠው ሰው በስውር አይሸጥም።

የደብተሩ አጻጻፍ

ለእያንዳንዱ እህል አንድ ገጽ ይሰጠው። በየመስመሩ ቀኑ፣ ሥራው፣ መጠኑና የቀረው ይጻፍ። የስንዴው ገጽ፣ ዘሩ ከተነሣ በኋላ፣ እንዲህ ይሆናል፦

ታኅሣሥ 20 — ወደ ጎተራ የገባ — 9 ኩንታል ከ10 ኪሎ
ጥር 5 — ለወፍጮ 45 ኪሎ — የቀረው 8 ኩንታል ከ65 ኪሎ
ጥር 18 — የተሸጠ 50 ኪሎ — የቀረው 8 ኩንታል ከ15 ኪሎ
ጥር 20 — ለወፍጮ 45 ኪሎ — የቀረው 7 ኩንታል ከ70 ኪሎ

በወር አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ፣ ቡና ተፈልቶ ደብተሩ ይነበብ። ማንበብ የሚችለው ያንብብ፤ ሌላው ይስማ። ጎድሎ ቢገኝ «ማን ወሰደው?» አይባል። «ለምን ሥራ ወጣ?» ይባል። የመጀመሪያው ጥያቄ ሰውን ያስደብቃል፤ ሁለተኛው ያናግራል። ካልተስማማችሁ ነገሩን አሳድሩት፤ ለሚቀጥለው ገበያ ይደርሳል።

ድግስና ይሉኝታ

ስለ ድግስ አጭር ቃል እንጨምር። ሠርግም፣ ክርስትናም፣ ተዝካርም ከዘመድ ጋር የሚያኖረን ነው፤ ይቅር አንልም። ነገር ግን ድግስ ከመታወጁ በፊት ደብተሩ ይጠየቅ። «ሰው ምን ይለኛል» ብሎ 3 ኩንታል የደገሰ ሰው፣ በሐምሌ ያ ሰው ሁሉ በየቤቱ ገብቶ በሩን ሲዘጋ ብቻውን ነው የሚቀረው። በአቅም ተደግሶ ልጆች ጠግበው ቢከርሙ ለሟቹም ክብር ነው።

መጨረሻው ምን ሆነ?

ከላይ ያልናቸው ባልና ሚስት በተከታዩ ታኅሣሥ 2 ኩንታሉን ዕዳ ከከፈሉ በኋላ አውድማው ላይ አብረው ቆጠሩ። ትልቋ ልጃቸው ጻፈች። ለሽያጭ የተረፈው ትንሽ ነበር፤ ጊደርም አልተተካችም። ሆኖም በሐምሌ ጎተራውን ሲከፍቱ ደብተሩ የሚለው 4 ኩንታል ከነበረ በጎተራውም 4 ኩንታል ነበር። ሚስትየዋ ክፍል ውስጥ ተነሥታ ስትናገር «ዘንድሮም ጠባብ ነው፤ ግን ጠባብነቱን ከታኅሣሥ ጀምሮ ስላወቅነው አልደነገጥንም» አለች። ባልየው አንገቱን ደፍቶ ፈገግ አለ። በየሳምንቱ የጨው ገንዘብ ከመጠየቅ ድና እንቅቧን በግልጽ ይዛ ገበያ ትወጣለች።

መልመጃ

1. በአንድ ቤት 5 ሰዎች አሉ። ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ፣ በጳጉሜን በቀን ግማሽ ኪሎ ቢታሰብ፣ ጳጉሜን 5 ቀን በምትሆንበት ዓመት ስንት ያስፈልጋል?
2. አንድ ገበሬ ከቀለቡ 2 ኩንታል በ120 ብር ሒሳብ ሸጠ። በክረምት 1 ኩንታል 160 ብር ቢሆን፣ በሸጠበት ገንዘብ ስንት ይገዛል? ስንት ጎደለበት?
3. በየሳምንቱ 6 ኪሎ ሳይጻፍ ቢወጣ በ30 ሳምንት ስንት ይሆናል?
4. ይህን ጥያቄ ባልና ሚስት ዛሬ ማታ በቤታቸው ይወያዩበት፦ «አንዳችን ሳናውቅ ከጎተራው የወጣ ነገር አለ ወይ? ለምንስ ሳንነጋገር ቀረን?»

መልስ፦ 1. 912 ኪሎ ተኩል፣ ማለትም 9 ኩንታል ከ12 ኪሎ ተኩል። 2. 1 ኩንታል ተኩል ይገዛል፤ 50 ኪሎ ጎደለበት። 3. 180 ኪሎ፤ አንድን ሰው ለ12 ወር የሚቀልብ ነው። የ4ኛውን መልስ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ጎተራው ሳይከፈት ደብተሩ ይከፈት!